ጥንቅሽን ለኢታኖል ማዳቀያ መለካትና መምረጥ፦ ከገበሬ ማሳ እስከ ሁለተኛው ትውልድ

ጥንቅሽ፣ ማለትም አገዳው የሚጣፍጥ ማሽላ፣ ለብቻው መሬት የሚሰጠው እምብዛም ነው። ገበሬው በማሽላው መካከል እዚህም እዚያም ያበቅለዋል፤ አገዳው በእሸቱ ተቆርጦ ይታኘካል፣ ጭማቂው ይመጠጣል፣ የተረፈው ገበያ ይወጣል። ፍሬው ሁለተኛ ነገር ነው። የዘር ባንክ መዝገብ ግን የማሽላን ነገር በብዛት የሚጽፈው በፍሬው በኩል ነው፤ ቀለሙን፣ የዛላውን ቅርጽ፣ የመድረሻ ቀኑን። አገዳው ጣፋጭ ይሁን ደረቅ ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። ለነዳጅ የሚሆን ልዩነት የሚፈልግ ሰው መዝገቡን መነሻ ያድርገው እንጂ አገዳውን በራሱ እጅ ሳይጨምቅ አይመን።

ይህ መመሪያ በምርምር ጣቢያ ለሚሠሩ ቴክኒሻኖችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር አይረሳ፦ ብሪክስ፣ በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ነገር በመቶኛ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ኢታኖል የሚወጣው ከሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ ከአገዳው ክብደት፣ ከሚጨመቀው ፈሳሽ መጠንና በፈሳሹ ውስጥ ካለው ስኳር። ከሦስቱ አንዱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሌሎቹ ማማር ዋጋ የለውም።

ናሙና መሰብሰብ

ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ዘር ለመውሰድም ሆነ ከገበሬ ማሳ ለመሰብሰብ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድን) የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። የቅጠል ናሙና ወይም ዲኤንኤ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ይህ ጉዳይ ከዘር መዝራት በፊት ይጀመር፤ ማሳው ላይ ሰብሉ ቆሞ ወረቀት መጠበቅ የአንድ ዓመት ሥራ ያስቀራል።

ማሳ ላይ የሚወሰደው በዛላ ነው። በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ አምስት ጥንቅሽ ቢገኝ አምስቱም ዛላ ለየብቻው ከረጢት ይግባ፤ አትደባልቁ። ማሽላ በብዛት በራሱ የሚራባ ቢሆንም ከጎረቤቱ የሚዳቀለው ድርሻ ቀላል አይደለም፤ ጥንቅሽ ደግሞ ዙሪያውን በፍሬ ማሽላ ተከቦ ነው የሚያብበው። የተደባለቀ ከረጢት በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ይበቅልና መደቡን ሙሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ከእያንዳንዱ ዛላ ጋር የሚመዘገበው የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ገበሬው የሚጠራው ስም፣ የተዘራበት ወርና «የትኛው ይጣፍጣል፣ መቼ ይቆረጣል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። ስም ብቻውን ዝርያ አይለይም። አንዱ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ዓይነትም በሁለት ስም ይገኛል። የሚቆረጥበት ጊዜ ግን ቀጥተኛ መረጃ ነው፦ ስኳሩ የሚሞላው በወተት ደረጃ ነው ወይስ ፍሬው ሲደርቅ የሚለውን ገበሬው ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

የመዝሪያ ቀንና የማሳ አደረጃጀት

አብዛኛው የአገራችን ማሽላ የቀን ርዝመት የሚሰማው ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ያብባል። በሚያዝያ የተዘራ የረጅም ወቅት ዓይነት ግዙፍ አገዳ ይዞ መስከረም አካባቢ ያብባል፤ ያው ዘር በሐምሌ ቢዘራ ደግሞ አጥሮና ቀጥኖ ያብባል። ስለዚህ «ይህ ዝርያ 3 ሜትር ይረዝማል» የሚል ውጤት የመዝሪያ ቀኑ ካልተጻፈበት ምንም አይናገርም። ሁሉም ናሙና በአንድ ቀን ይዘራ። ዝናቡና መሬቱ ከፈቀዱ አንድ መዝሪያ በበልግ፣ ሁለተኛው በክረምቱ መግቢያ ይደረግ፤ በሁለቱ መካከል ከመዝራት እስከ ማበብ ያለው የቀን ብዛት ብዙም ያልተቀየረው ለቀን ርዝመት ደንታ የሌለው ነው፤ ለአጭር ዝናብ አካባቢ ወላጅ የሚፈለገው እሱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ዘሩ ጥቂት፣ ናሙናው ብዙ ስለሚሆን ሁሉንም መደጋገም አይቻልም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ማነጻጸሪያዎቹን (ባሕርያቸው የታወቁ ዝርያዎችን) ብቻ በየብሎኩ፣ ማለትም በየማሳው ክፍል፣ መድገም ነው። ለምሳሌ 120 ናሙና ካለ በ6 ብሎክ፣ በየብሎኩ 20 አዲስ ናሙናና 4 ማነጻጸሪያ ይዘራል፤ ድምሩ 144 መደብ ይሆናል። የስሕተቱ የነጻነት ደረጃ፣ ማለትም ስሕተቱን ለመገመት የሚያገለግሉ ነጻ ንጽጽሮች ብዛት፣ (6−1)×(4−1) ማለትም 15 ነው፤ ከ12 በታች እንዳይወርድ። ከአራቱ ማነጻጸሪያ ሁለቱ የታወቁ ጣፋጭ ዝርያዎች ይሁኑ፤ ዘሩ ከተገኘ ራዮና ቴይስ ጥሩ ናቸው። ሦስተኛው እንደ መልካም ያለ የፍሬ ማሽላ፣ አራተኛው ያካባቢው ሰው የሚያምንበት ጥንቅሽ ይሁን። የፍሬ ማሽላው ያለ ምክንያት አልገባም፦ ስኳር የሌለው አገዳ በዚያ ማሳ፣ በዚያ ዓመት ስንት እንደሚያነብ የሚያሳየው እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የተመረጡት 30 ገደማ በአልፋ ላቲስ (እያንዳንዱ ድግግሞሽ በትናንሽ ብሎኮች በሚከፈልበት አደረጃጀት)፣ በሦስት ድግግሞሽ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይዘሩ። መልካሳ፣ ቆቦና ሚኤሶ ማሽላ ሲፈተንባቸው የኖሩ ቆላማና ዝናብ አጠር ቦታዎች ስለሆኑ አብረው ቢታሰቡ ይጠቅማል።

መደቡ ባለ ሁለት መስመር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 75 ሳ.ሜ ይሁን። በየ15 ሳ.ሜው ሦስት ሦስት ፍሬ ተጥሎ ችግኙ አራትና አምስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ አንድ ይሳሳል። ይህ በመስመር 33፣ በሄክታር ወደ 89,000 ተክል ይሆናል። ለአንድ መደብ 200 ፍሬ ያህል ይበቃል፤ በክብደት 6 ግራም አካባቢ ነው። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በሄክታር 100 ኪ.ግ ሂሳብ ለአንድ መደብ 75 ግራም፣ ዩሪያም በዚያው መጠን በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ግማሹ በመዝሪያ፣ ግማሹ ጉልበት ሲደርስ ይሰጥ። ማዳበሪያን በእፍኝ መገመት እዚህ አይሠራም፤ ናይትሮጅን የበዛበት መደብ አገዳው ወፍሮ ስኳሩ ይዘገያል፣ ነፋስም ይጥለዋል፤ ልዩነቱም የዘር ይመስላል። ለኤንፒኤሱ በየመስመሩ 37 ግራም የሚይዝ የቆርቆሮ ስፍር ማዘጋጀት ከሁሉ ይቀላል።

ማሳው ቀድሞ አቀንጭራ የነበረበት ከሆነ ተዉት። አቀንጭራ የያዘው ተክል ይቀጭጫል፣ ብሪክሱም የዘሩን ባሕርይ አያሳይም። ዙሪያውን ሁለት የዳር መስመር መዝራት ደግሞ ግሪሳና የመንገድ አላፊ ለሚወስዱት ግብር ነው። ጥንቅሽ መሆኑ የታወቀ ማሳ በሕፃናት እጅ ይሳሳል፤ ጠባቂ ከመቅጠር በፊት ለልጆቹ የተለየ ሁለት መስመር መተው ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ ነው።

ሳይቆርጡ የሚታይ ምልክት

ብሪክስ የሚነበብበትን ሪፍራክቶሜትር ከማንሳት በፊት የቅጠሉን የመሐል ጅማት ማየት ይበቃል፤ ቢያንስ ግማሹን ሥራ። ሙሉ የተዘረጋ ቅጠል፣ ከላይ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይያዝና የመሐል ጅማቱ ወደ ብርሃን ይታይ። ወረቀት የመሰለ ነጭ ከሆነ ሴሎቹ ውስጥ አየር አለ፣ አገዳውም ደረቅ ነው። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ውኃ ይዟል፣ አገዳውም ጭማቂ ነው። ሁለቱን የሚገዛው አንድ ጂን በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ማንነቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተለይቷል። ደረቅነቱ ገዢ (ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ)፣ ጭማቂነቱ ተገዢ (ከሁለቱም ካልተወረሰ የማይታይ) ባሕርይ ነው። ይህ ኋላ በማዳቀሉ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ጭማቂ መሆንና ጣፋጭ መሆን ግን ሁለት ነገር ነው። ጭማቂው የበዛ፣ ስኳሩ ያነሰ አገዳ ሞልቷል። ስኳሩን የሚወስኑት ብዙ ጂኖች ስለሆኑ በዓይን የሚለይበት መንገድ የለም። ጅማቱ ቡናማ ሆኖ ከታየ ደግሞ ለብቻው ይመዝገብ፦ ቢኤምአር የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሊግኒኑ ያነሰ፣ ጭማቂው የወጣለት ገለባ ራሱ ወደ ኢታኖል ሲቀየር የሚቀል። ድክመቱ በነፋስ መውደቁ ነው።

የማበቢያ ቀን የሚያዘው ከመደቡ ግማሹ ተክል እስከ ዛላው ወገብ ሲያብብ ነው። በዚያ ቀን አምስት የመሐል ተክሎች በቀለም ክር ይታሰሩ፣ ቀኑም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ዘሩ እንዲቀጥል የሚፈለግባቸው ዛላዎች ገና አበባቸው ሳይከፈት በቡናማ የወረቀት ከረጢት ይሸፈኑ። አበባው ከጫፍ ጀምሮ ወደ ታች በሳምንት ገደማ ስለሚወርድ ጫፉ ከተከፈተ በኋላ የተሸፈነ ዛላ ንጹሕ አይደለም።

የመለኪያው ቀን

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ አብዛኛው የተበላሸ መረጃም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ናሙና የሚቆረጠው በካላንደር ሳይሆን ከማበቢያ ቀኑ ተቆጥሮ ነው። ስኳር አገዳው ውስጥ የሚከማቸው ከማበብ በኋላ ሲሆን በወተትና በሊጥ ደረጃ እየጨመረ ይሄዳል፣ ብዙዎቹ ላይ ጫፍ የሚደርሰው ፍሬው ሊጥ ከሆነ ጀምሮ እስከ ሙሉ ብስለት ባለው ጊዜ ነው። ሙሉ ብስለት የሚታወቀው ፍሬው ከተጣበቀበት ጎን ጥቁር ነጥብ ሲወጣ ነው፤ ከማበብ በኋላ ከ30 እስከ 40 ቀን አካባቢ። ሁሉንም ናሙና በአንድ ቀን የሚቆርጥ ሰው የሚለካው ጣዕምን ሳይሆን እድሜን ነው። ከተቻለ 15 ናሙና ተመርጦ በማበብ ቀን፣ በ15ኛው፣ በ30ኛውና በ40ኛው ቀን ይለካ። ጫፉ ላይ ለሦስት ሳምንት የሚቆይና በአራት ቀን የሚወርድ ዓይነት አንድ አይደሉም፤ ፋብሪካ የሚፈልገው የሚቆየውን ነው።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 4፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን። በቀደሙት ሁለት ቀናት ዝናብ ከጣለ ይቆይ፤ ካልተቻለም ይጻፍ።

አምስቱ ክር የታሰረባቸው ተክሎች ከመሬት አጠገብ ይቆረጡ። ዛላው ከነአንገቱ ይወገድ፣ ቅጠሉና አገዳውን የሚያቅፈው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይላጥ። ከዚያ ወዲያው ሚዛን ላይ፦ በፀሐይ የቆየ የተላጠ አገዳ ክብደቱ እየቀነሰ፣ ብሪክሱ እየጨመረ ይሄዳል። ቁመት፣ የአንጓ ብዛትና በመሐል አንጓ ላይ ያለው ውፍረት በዚሁ ጊዜ ይያዙ። ከአምስቱ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታይ። ውስጡ ቀይ ዋሻ ካለ አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል ገብቶበታል፤ ስኳሩ በሻጋታ ስለሚበላ ያ ተክል በሌላ ይተካና ጉዳቱ ለብቻው በመቶኛ ይመዝገብ።

መጭመቂያው ባለ ሦስት ሮለር የአገዳ መጭመቂያ ነው። የሮለሮቹ ክፍተት አንዴ ከተስተካከለ ሥራው እስኪያልቅ አይነካ። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ ወፍራሙን አገዳ ይጎዳል፣ ቀጭኑን ያሞግሳል። በናሙናዎች መካከል ሮለሩን በውኃ ማጠብ የሚቀጥለውን ጭማቂ ያቀጥነዋል። ከዚህ ይልቅ ከቀጣዩ መደብ አንድ ትርፍ አገዳ አሳልፎ ጭማቂውን መድፋት ይሻላል። የወጣው ፈሳሽ በንጹሕ ሻሽ ተጠልሎ ይመዘን፦ የጭማቂው ክብደት ለአገዳው ክብደት ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የጭማቂ ድርሻው ይገኛል። በጥሩ መጭመቂያ ጥንቅሽ ከ40 እስከ 55 በመቶ ይሰጣል።

ብሪክስ ለማንበብ ከ0 እስከ 32 የሚለካ፣ ሙቀትን በራሱ የሚያስተካክል የእጅ ሪፍራክቶሜትር ይበቃል። መጀመሪያ በተጣራ ውኃ ዜሮ ይደረግ፤ ከዚያ በየ20 ናሙናው ይደገም። ጭማቂው በደንብ ተነቅንቆ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ መስታወቱ ላይ ይንጠብጠብ፣ ክዳኑ አረፋ ሳይዝ በቀስታ ይዘጋ፣ ግማሽ ደቂቃ ተቆይቶ ወደ ብርሃን ይነበብ። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር ደብዝዞ ከታየ ጭማቂው ስታርች ወይም የአገዳ ቃጫ አለበት ማለት ነው፤ አምስት ደቂቃ እንዲረጋ ይተውና ከላዩ ይወሰድ። ከንባቡ በኋላ መስታወቱ ታጥቦ በለስላሳ ወረቀት ፍጹም ይደረቅ። እዚህ ላይ ነው ደክሞት የሚሠራ ሰው የሚስተው፦ በመስታወቱ ላይ የቀረ አንድ ጠብታ ውኃ ከአንድ ጠብታ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ 18 የነበረው 9 ይሆናል። አንድ ጥሩ ናሙና በዚህ ምክንያት ከዝርዝሩ ቢወጣ የሚያስታውሰው የለም።

መጭመቂያ በሌለበት ቦታ ከአገዳው ላይ፣ ከመሐልና ከታች ከእያንዳንዱ አንድ የአንጓ መካከል ተቆርጦ በፒንሳ ይጨመቅና ሦስቱ ንባቦች ይማከሉ። መሐሉን ብቻ መውሰድ ቁጥሩን ያሳብጣል።

የተጨመቀ ጭማቂ በሞቃት አየር በሰዓታት ውስጥ መኮምጠጥ ይጀምራል። የተቆረጠ አገዳም ቢሆን ሱክሮሱ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እየተሰበረ ይሄዳል። ለላቦራቶሪ የስኳር ምርመራ የሚቀመጥ ናሙና ወዲያው በረዶ ላይ ይሁንና በዚያው ቀን ይቀዝቅዝ። ጥቂት ናሙናዎችን ሆን ብሎ ከቆረጡ በኋላ 24 እና 48 ሰዓት ጥላ ሥር አቆይቶ ደግሞ መለካትም ይጠቅማል፤ ከማሳ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ያንኑ ያህል ሊወስድ ይችላልና።

ከመደብ ወደ ሊትር

ስሌቱ አጭር ነው። ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ሜትር ተትቶ የታጨደው 4 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የተላጠው አገዳ 24 ኪ.ግ ከመዘነ በሄክታር 40 ቶን ይሆናል። የጭማቂ ድርሻው 45 በመቶ ከሆነ 18 ቶን ጭማቂ አለ። ብሪክስ 16 ቢነበብ ሁሉም ስኳር አይደለም፤ ጨውና ሌላ ሟሟም ይቆጠራል። ሦስት አራተኛውን እንደ ስኳር መውሰድ የተለመደ፣ ጠንቀቅ ያለ ግምት ነው፦ 12 በመቶ፣ ማለትም 2.16 ቶን ስኳር። አንድ ኪሎ ግሉኮስ ቢበዛ 0.511 ኪሎ ኢታኖል ይወጣዋል፤ የኢታኖል እፍጋት በሊትር 0.789 ኪሎ ነው። በዚህ 1,400 ሊትር ገደማ ይደርሳል፤ እርሾው 85 በመቶ ቢሠራ ደግሞ 1,190 ሊትር አካባቢ።

አሁን ሌላ መደብ ይታሰብ፦ ብሪክሱ 21፣ ግን አገዳው ደረቅ ሆኖ የጭማቂ ድርሻው 18 በመቶ፣ ምርቱም 25 ቶን። ጭማቂው 4.5 ቶን፣ ስኳሩ 0.71 ቶን ብቻ ነው። በብሪክስ ዝርዝር ላይ አንደኛ የሚወጣው ይህ ነው። ውኃ ያጣ አገዳ ስኳሩ ስለሚከማችበት እንጂ ስኳሩ ስለበዛ አይደለም ከፍ ብሎ የሚያነበው። ደረጃ የሚሰጠው በሄክታር በሚገኘው ስኳር ይሁን።

አንድ ወጥመድ ግን ይቀራል። ስኳር በሄክታር ሲሰላ ዘግይቶ የሚደርሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ብዙ ቀን ቆሟልና አገዳው ይበዛል። ዝናቡ በሦስት ወር ለሚያልቅበት አካባቢ ያ ድል አይጠቅምም። ናሙናዎቹ በማበቢያ ቀን ፈጣን፣ መካከለኛና ዘግዪ ተብለው ይከፈሉና ውድድሩ በየምድቡ ውስጥ ይሁን።

ልዩነቱ የዘር ነው ወይስ የአፈር?

ከሁለተኛው ዓመት ድግግሞሽ ያለው ሙከራ የልዩነት ትንተና ሲሠራ የዘሩ አማካይ ካሬና የስሕተቱ አማካይ ካሬ (በዘሮች መካከልና በአንድ ዘር ድግግሞሾች መካከል ያለው መለያየት መጠን) ይገኛሉ። ለምሳሌ ያህል ለብሪክስ 13.9 እና 2.4 ናቸው እንበል፣ ድግግሞሹ 3። የዘር ልዩነቱ (13.9−2.4)÷3፣ ማለትም 3.83 ነው። የሚታየው ልዩነት 3.83+(2.4÷3)፣ ማለትም 4.63። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 0.83 ይሆናል፤ ከሚታየው ልዩነት 83 በመቶው የዘር ነው። ምርጦቹ 5 በመቶ ቢወሰዱ የሚጠበቀው ጭማሪ 2.06 × የ4.63 ስኩዌር ሩት × 0.83 ነው፣ ወደ 3.7 ብሪክስ፤ 2.06 ለ5 በመቶ ምርጫ የሚወሰደው ቋሚ ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር ከአንድ ቦታና ከአንድ ዓመት ብቻ ከመጣ የተጋነነ ነው፤ የዘርና የቦታ ግንኙነት በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆጠራል። ሁለት ቦታ አብሮ ሲተነተን 0.83 የነበረው ሲወርድ ማየት የተለመደ ነው።

ናሙናዎቹን በመመሳሰላቸው ለመቧደን ብዙ ሰው የዩክሊድ ርቀት፣ ማለትም ከቁጥሮች ልዩነት የሚሰላውን፣ ብቻ ይጠቀማል። የጅማት ቀለም፣ የዛላ ቅርጽና የፍሬ ቀለም እንደ ቁጥር ገብተው ሲሰሉ ግን ትርጉም አይሰጡም። ቁጥርና ዓይነት ለተቀላቀለበት መረጃ የጋወር ርቀት ይሻላል፤ አር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ይገኛል። በዩክሊድ ርቀት የሚሠራ ደግሞ ቁጥሮቹን መጀመሪያ ወደ አንድ ሚዛን ያምጣ፤ አለዚያ በሳንቲ ሜትር የተጻፈው ቁመት ብቻውን ቡድኑን ይሠራዋል።

የዲኤንኤ ናሙና

ቅጠል የሚወሰደው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከሆነው ችግኝ፣ ከአዲሱ ቅጠል ነው። የአዋቂ ቅጠል ስኳርና ፖሊፊኖል ስለሚበዛበት ዲኤንኤው እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ይሆናል። አምስት ሳ.ሜ የሚሆን ቁራጭ በክብደት አሥር እጥፍ ሲሊካ ጄል ባለበት ከረጢት ይደርቅ። ከአንድ ተክል ብቻ ይወሰድ፣ ያ ተክልም ከረጢት ተሸፍኖ ዘሩ ይያዝ። ቅጠሉ ከአንድ ተክል፣ ብሪክሱ ከሌላ፣ ዘሩ ከሦስተኛ ሲመጣ ሦስት ትክክለኛ መረጃ ተሰብስቦ አንድ የተሳሳተ ሠንጠረዥ ይወጣል።

20 ሚሊ ግራም የደረቀ ቅጠል ይፈጭና ሴሉን የሚከፍተው ሲታብ 2 በመቶ፣ ፖሊፊኖልን የሚይዘው ፒቪፒ 2 በመቶ ያለበት፣ ጥቂት መርካፕቶኢታኖል የተጨመረበት 700 ማይክሮ ሊትር ባፈር ይፈስበት። በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ45 ደቂቃ ይቆይ፣ በየ10 ደቂቃው ይገላበጥ። በእኩል መጠን ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል (24 ለ1) ተቀላቅሎ በሴንትሪፊዩጅ ይዙር፤ ከላይ ያለው ጥርት ያለው ብቻ ይወሰድ። የሁለት ሦስተኛውን ያህል ቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ያረጋዋል፣ 70 በመቶ ኢታኖል ያጥበዋል። መርካፕቶኢታኖልና ክሎሮፎርም የሚነኩት ጭስ ማውጫ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በጓንት ነው። ንጽሕናው በ260 እና 280 ናኖ ሜትር የብርሃን ንባብ ንጽጽር ከ1.8 እስከ 2.0 ይሁን፤ ንባቡ ደህና ቢሆንም ጄል ላይ ይታይ።

ገንዘብ ካጠረ 25 የሚሆኑ ኤስኤስአር (የሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች) ምልክቶች ያገለግላሉ። ማሽላ 10 ጥንድ ክሮሞሶም ስላለው በየክሮሞሶሙ ቢያንስ ሁለት ይመረጡ። አቅም ካለ የስኒፕ (የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ልዩነት) ምርመራ ምልክቶችን በሺዎች ይሰጣል፦ ከናሙናዎቹ ከ20 በመቶ በላይ ላይ ውጤቱ የጎደለበትና አናሳ ቅርጹ ከ5 በመቶ በታች የሆነ ምልክት ይወገድ። በራሱ በሚራባ ተክል ላይ ቅይጥነቱ (ከእናትና ከአባት የመጡት ቅርጾች መለያየት) ከፍ ብሎ የታየ ናሙና የተዳቀለ ወይም የተደባለቀ ዘር ነው፤ ከመተንተን በፊት ወደ ማሳው መዝገብ ተመልሶ ይጣራ። የማሽላ ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2009፣ የጣፋጩ ራዮ ደግሞ በ2019 ስለታተመ ምልክቶቹን በቦታቸው ማስቀመጥ አያስቸግርም።

የዲኤንኤው ቡድንና በማሳ ባሕርይ የተሠራው ቡድን ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ይህ ስሕተት አይደለም። ምልክቶቹ በአብዛኛው ከባሕርይ ጋር ያልተያያዘውን የዘር ታሪክ ይቆጥራሉ፤ ጣፋጭነትን ግን በየአካባቢው ገበሬው በእጁ መርጦታል።

ወላጅ መረጣና ማዳቀል

ወላጅ የሚሆኑት በስኳር ምርታቸው ከላይ ያሉ፣ በዲኤንኤ ከተለያየ ቡድን የመጡ፣ ጉድለታቸው የማይመሳሰል ናቸው። ዲቃላ ዝርያ የሚታሰብ ከሆነ የጅማቱን ነገር ማስታወስ ግድ ነው፦ ደረቅነት ገዢ ስለሆነ ከሁለቱ ወላጅ አንዱ ነጭ ጅማት ካለው ዲቃላው ሁሉ ደረቅ ይሆናል። ሁለቱም ወላጅ ጭማቂ መሆን አለባቸው። ቁመት ግን በተቃራኒው ያግዛል፤ ረጅምነት ገዢ ስለሆነ እናቲቱ አጭር ብትሆንም ዲቃላው ይረዝማል።

አበባቸው እንዲገናኝ ዘግዪው ቀድሞ፣ ፈጣኑ በ10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይዘራ። የእናቲቱ ዛላ ጫፉ ማበብ ሲጀምር የተከፈተው ክፍልና የታችኛው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ ከመሐል 40 ያህል ያልተከፈቱ አበቦች ይቅሩ፤ አጠገባቸው ያሉት ባለ ዘንግ አበቦች ይለቀሙ። በቀጭን መርፌ ወይም ወረንጦ ከእያንዳንዱ ሦስቱ የወንዴ ከረጢቶች ሳይፈነዱ ይውጡ። አንዱ ከፈነዳ ያ አበባ ይጣል፣ መርፌውም በአልኮል ይጠረግ። ከረጢት አልብሶ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይጠበቅ። ላባ የመሰለው የሴቴ ጫፍ ብቅ ሲል በጠዋት የአባቱ ዱቄት ይነስነስ። ዱቄቱ ዕድሜው የሰዓታት ብቻ ስለሆነ ከቀትር በኋላ የተሰበሰበ አይሠራም።

ከ40 አበባ ጥቂቶቹ በራሳቸው መራባታቸው አይቀርም። እናቲቱ አረንጓዴ ጅማት፣ አባቱ ነጭ ጅማት ከሆኑ ማጣራቱ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ትውልድ ነጭ ጅማት ያወጣው እውነተኛ ዲቃላ ነው፣ አረንጓዴ የሆነው የእናቲቱ ልጅ ብቻ። ሁለቱም አረንጓዴ ከሆኑ ሐምራዊ ቀለም ያለውን አባት፣ ቀለም የሌላትን እናት ማድረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሐምራዊው ገዢ ነው።

በሁለተኛው ትውልድ ቁጥሩ ላይ አይሰሰት። ከደረቅና ከጭማቂ ወላጅ ጭማቂ የሚሆነው ከአራት አንድ ነው። ለቀን ርዝመት ደንታ የሌለውም በአንድ ዋና ጂን ቢወሰድ ከአራት አንድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ከ16 አንድ ይሆናል፤ ከ400 ተክል 25 ገደማ። በ100 ተክል ቢሞከር ስድስት ይቀራሉ፣ ከስድስት ውስጥ ደግሞ ስኳር መምረጥ ዕጣ መጣል ነው። ነጭ ጅማት ያላቸው ገና ሳያብቡ ይነቀሉ። ወጣቱ ማሽላና ዳግም ያቆጠቆጠው ለከብት መርዝ ስለሚሆን የተነቀለው እርጥብ ሳለ አይሰጣቸው።

የቀሩት ከረጢት ይልበሱ። የሁለተኛው ትውልድ ተክል አንድ ብቻ ስለሆነ ዘሩም ብሪክሱም ከእሱው መገኘት አለበት፣ ለዚህም የሚጠበቀው ያ ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቡ ሲወጣ ዘሩ ለመብቀል የደረሰ፣ አገዳውም ገና ስኳሩን የያዘ ነው። ዛላውና አገዳው በአንድ ቀን ይቆረጡ። ከመቁረጡ በፊት ግን ያው ቁጥር የተጻፈበት ሁለት ካርድ ይታሰር፣ አንዱ ከዛላው አንገት በላይ፣ አንዱ ከመሬት ሁለተኛው አንጓ ላይ፤ በእርሳስ ይጻፍ፣ እስክሪብቶ በጭማቂ ይለቃል።